ክኒኗን የማትውጠው ሴት

የትርንጎን ሞት የሰማሁት እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ከተማ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ ነው። ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር የጣሉ ወታደሮች መሐል ተሰልፌ ወደ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር የሚወጣውን አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ወንድሟ ፈረደ ነበር።

«ብርቱካን» አለኝ፤ «እታለም አረፈች።»

ሳንባዋን አሟት ሆስፒታል ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። መዳከሟን አውቃለሁ። ቢሆንም አፌ ላይ የመጣው የማጽናኛ ቃል አልነበረም። «ኩላሊቱስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ፈረደ ግን ጥያቄውን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል «እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሠርቷል» አለኝ። «ሐኪሙን ደጋግሜ ጠየቅኩት። ሠርቷል።» ኩላሊቱ የራሱ ነበር፤ ከጎኑ ወጥቶ እሷ ሆድ ውስጥ የገባ።

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከእንባዬ ቀድሞ የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነበር፦ እሷ ሞታ ያ ሐኪሟ የነበረ ሰውዬ በሕይወት አለ። ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው፤ እየተናደድኩም ነው። ከሁለቱ ንዴቱ ይበልጣል።

ትርንጎን ያወቅኳት በሥራዬ ነው። በከተማችን በነበረ አንድ የኩላሊት ክሊኒክ ዕብራይስጡ ለሚከብዳቸው ለኛ ለቤተ እስራኤል ሰዎች አስተረጉም ነበር። ያኔ ሃምሳ አምስትን አልፋለች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ወንበሩ ተነቅሎ ሰው ወለሉ ላይ ተጠጋግቶ በተቀመጠበት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጣች ናት። ኩላሊቷ እስኪደክም ድረስ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አትክልት ታጥቦ በሚታሸግበት ፋብሪካ ቆማ ሠርታለች።

የመጀመሪያው ቀን የክሊኒኩ ሐኪም፣ ፕሮፌሰሩ፣ በሩን ከፍቶ «ታማር!» ብሎ ጠራ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ጠራ። እሷ ከፊቱ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ወረቀቱን አይቼ ጠጋ አልኩና «እርስዎን እኮ ነው» አልኳት።

«ታማር እዚህ የለችም» አለችኝ። ወደዚህ አገር ስትገባ የመዘገባት ጸሐፊ ትርንጎ ማለት ከብዶት ታማር ብሏት ኖሯል። መታወቂያዋን ለማስቀየር ዓመታት ተመላልሳለች። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ግን አልሰማም። «ትርንጎ ማለት ኤትሮግ ነው በዪው። በበዓል በእጁ ይዞ የሚጸልይበት ፍሬ። ከከበደው ኤትሮግ ይበለኝ፤ ታማር ግን አልባልም።»

ተረጎምኩለት። ፕሮፌሰሩ ፈገግ አላለም። «ትግባ» አለ።

ወጥተን ስንሄድ «አንቺስ ማን ትባያለሽ?» አለችኝ።

«ብርቱካን።»

ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። «እንግዲያማ ዘመዳሞች ነን፤ ካንድ አትክልት ቦታ! በይ አንቱ አትበዪኝ፣ ታስረጅኛለሽ።» ከዚያ ወዲያ እትዬ ትርንጎ እያልኩ በአንቺ እጠራት ነበር።

አንድ ነገር ግልጽ ካልሆነላት አውራ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ትጫንና «እዚች ላይ ቁሚልኝ» ትላለች። ስንትና ስንት ሐኪም በዚያች አውራ ጣት ተቆጥቷል። እሷ ግን ሳይገባት አታልፍም። የምትውጠውን ክኒን ስም፣ ለምን እንደምትውጠው፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ማንበብ ስለማትችል ከአሮጌ አንሶላ ኪስ ኪስ ያለው ረጅም ጨርቅ ሰፍታ ነበር። የላይኛው ረድፍ የጧት፣ የታችኛው የማታ ነው። እያንዳንዱ ኪስ በየክኒኑ ዓይነት በተለያየ ቀለም ክር ተጠልፏል። ቀዩ ክር ሰውነቷ የወንድሟን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚከላከለው መድኃኒት ነው። «ቀዩ የፈረደ ነው» ትል ነበር። «ሌላው ቢረሳ ይረሳ፤ የፈረደ አይረሳም።»

ፈረደ ታናሿ ነው። እዚያው ኢንዱስትሪ ቀጠና ብረት በሚበየድበት ቦታ በፈረቃ ይሠራል። እሷ አራት ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ከደም ማጠቢያው ማሽን ጋር ስትታሰር ካየ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ ተመረመረ። «ኩላሊቴ ልክሽ ነው አሉኝ፣ እታለም፤ ነገ ብትዪኝ ነገ» አላት። ንቅለ ተከላው የተሠራው ሌላ ከተማ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ሁለቱም በሰላም ወጡ። ከዚያ በኋላ ክትትሏ ወደኛ ክሊኒክ፣ ወደ ፕሮፌሰሩ መጣ።

ስሙን አልጽፍም። ስሟን ሊጠራላት ያልፈለገ ሰው ስሙን እዚህ አያገኝም። ረጅም፣ ጸጉሩ የነጣ፣ በሙያው የተከበረ ሰው ነበር። ዓይኑ ከኮምፒውተሩ አይነሳም።

ከንቅለ ተከላው በኋላ በአምስተኛው ወር ገደማ የትርንጎ ደም ግፊት መውጣት ጀመረ። አንድ ክኒን ጨመረላት። አልወረደም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጨመረ። እግሯ አበጠ፤ ጫማዋ አልገባ አላት። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ የግፊቱን ልክ አይቶ ወደኔ ዞረና እንዲህ አለ፦

«ትዋሻለች። ክኒኗን እየዋጠች አይደለም። እናንተ ጋ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ትንሽ ሲሻላችሁ ታቋርጣላችሁ። አንድ ጤነኛ ኩላሊት በከንቱ ባከነ።»

«እናንተ» ያለው እኔንም ጨምሮ ነው። ትርንጎ አፌን አፌን ታያለች።

«ፕሮፌሰሩ ግፊትሽ አሳስቦታል» አልኳት። «ክኒኑን በሰዓቱ እንድትውጪ ይለምንሻል።»

«እውጣለሁ በዪው እንጂ! ይኸው» ብላ ጨርቋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የጧቱ ረድፍ ባዶ፣ የማታው ሙሉ ነበር። ፕሮፌሰሩ አላየውም። ለመጻፍ እንዲመቸው በክርኑ ወደ ጠርዙ ገፋው። ጨርቁ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችውና በእጇ ጠረገችው።

ለምን እንዳለሰለስኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ላሳዝናት አልፈለግኩም። ሥራዬንም ፈርቻለሁ። አስተርጓሚ ድልድይ ነው ብለው አስተምረውን ነበርና በድልድዩ ላይ ስድብ እንዳያልፍ የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። በየቀጠሮው እሱ ይሰድባታል፤ እኔ ስድቡን ወደ ምክር እለውጠዋለሁ፤ እሷ አመሰግናለሁ ብላ ትወጣለች። አዎ፣ ታመሰግነው ነበር።

ከዚያ አዲስ የግፊት ክኒን አዘዘላት። በአሥረኛው ቀን ደሟ ሲመረመር ክሬአቲኒን የሚሉት የኩላሊቱን ድካም የሚያሳይ ቁጥር ተሰቅሎ ተገኘ። ፕሮፌሰሩ ፋይሏ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ታካሚዋ አትተባበርም፤ መድኃኒቷን አትወስድም።» ይህ አልበቃውም። ለጋሾች በዓመት አንዴ የሚያደርጉትን ምርመራ ሊያደርግ የመጣውን ፈረደን ኮሪደር ላይ አስቁሞ በዕብራይስጥ ነገረው። ፈረደ ዕብራይስጡን ፋብሪካ ውስጥ ስለለመደው እኔ አላስፈለግኩትም።

ትርንጎና እኔ ከላቦራቶሪው ስንመለስ ፈረደ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እታለም፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ክኒኑን ትጥይዋለሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ፕሮፌሰሩ ነዋ! አምስት ስድስት ወር ሙሉ ፊት ለፊት ስነግራት አልሰማችም አለኝ። ጎኔን የተቀደድኩት ለዚህ ነው?»

«ለእኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም» አለች ትርንጎ። ይህን ብላ ሳትጨርስ ነገሩ ገባት። ወደኔ ዞረች። አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ተጫነች።

«እዚች ላይ ቁሚልኝ፣ ብርቱካን። ምን ነበር ሲል የነበረው?»

ነገርኳት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን አንድ ሳላስቀር፣ ወንድሟ ፊት። ስጨርስ ትጮህብኛለች፣ ወይም ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

«እሱ ሰደበኝ። አንቺ ደግሞ እንዳልመልስለት አፌን ያዝሽው።» አውራ ጣቷን ከግድግዳው አነሳች። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳለ ትነግሪኛለሽ። ስድብ ከሆነ ስድቡን፣ ሳቅ ከሆነ ሳቁን። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኳት።

ፈረደ ግን ሁለታችንንም አላመነም። ፕሮፌሰር ይዋሻል ብሎ ማሰብ አልቻለም። «በኩላሊቴ ቀለድሽበት» ብሎ ሄደ። ሰባት ወር አላናገራትም። ከእሷ ቤት በታች ባለው ፌርማታ ወርዶ፣ በሯን አልፎ ይሄድ ነበር። እሷ ከመስኮት ታየዋለች። ከበሽታዋ ሁሉ ያ ነበር የጎዳት።

ወር ሳይሞላ አንድ ጧት ትንፋሽ አጥሯት ጎረቤቶቿ አምቡላንስ ጠሩላት። ሰውነቷ የያዘው ውሃ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ጭንብሉ አፏ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። የተቀበለቻት ሐኪም ራኒያ የምትባል፣ ከቅርብ የዓረብ መንደር የምትመጣ ወጣት ነበረች። ፋይሉን ከፍታ አነበበችና ወደ ትርንጎ ጎንበስ አለች።

«መድኃኒትሽን አትወስጂም ተብሎ ተጽፏል። ለምንድን ነው?»

ወደኔ አየች ትርንጎ። እንዳለ ነገርኳት። ጭንብሉን በእጇ አንስታ፣ በሁለት ትንፋሽ መሐል፣ «ደሜን... አይተሽ... ፍረጂ» አለች።

ራኒያ እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች ትከሻዋን አልነቀነቀችም። ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ኋላ ሄዳ የደም ውጤቶቿን አንድ በአንድ አየች። የፈረደን ኩላሊት የሚጠብቀው መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን በየምርመራው ይለካል። ራኒያ አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ ትርንጎ ተመለከተች።

«ልክ ነው» አለች። «ሁልጊዜ ልክ ነበር። ይህች ሴት አንድም ቀን አላቋረጠችም።»

ያ ሁሉ ወር ማስረጃው እዚያው ፋይል ውስጥ፣ ከስድቡ ሁለት ገጽ አልፎ ተቀምጦ ነበር። ምርመራውን ያዘዘው ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። ይህን የተረጎምኩላት እየተናደድኩ ነው።

ከዚያ ራኒያ ማዳመጫዋን አንስታ በትርንጎ ሆድ በስተቀኝ፣ ከታች፣ አዲሱ ኩላሊት ባለበት ቦታ ላይ አሳረፈችው። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። በዚያ ሁሉ ወር ፕሮፌሰሩ እዚያ ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ አያውቅም። ጨርሳ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችና ትርንጎ ጆሮ ላይ አደረገችላት።

«ምን ይሰማሻል?»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ያፏጫል» አለች። «ፋብሪካ አትክልት ስናጥብ የውሃው ጎማ ላይ ሰው ሲቆምበት እንዲህ ያፏጫል።»

ስተረጉምላት ራኒያ በመገረም አየቻት። «እንደዚያው ነው» አለች። ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ወደ ኩላሊቱ ደም የሚወስደው ቧንቧ፣ ከትርንጎ ቧንቧ ጋር የተሰፋበት አካባቢ ጠብቧል። ኩላሊቱ በቂ ደም ስለማይደርሰው ሰውነቱ በሙሉ የተጠማ ይመስለዋል፤ ግፊቱን ይገፋዋል፣ ውሃና ጨው ይይዛል። ያ አዲሱ ክኒን ደግሞ ኩላሊቱ ተንጠልጥሎ የቆየባትን ያችኑ ትንሽ ኃይል ወሰደበት። ለዚህ ነው ቁጥሩ የተሰቀለው።

«እዚች ላይ ቁሚልኝ» አለች ትርንጎ የአልጋውን ብረት ተጭና። «ቁጥሩ በክኒኑ ከተሰቀለ፣ ያን ጊዜውኑ መታወቅ ነበረበት?»

ራኒያ ትንሽ አመነታች። «ምልክት ነው» አለች። «ምልክቱ ሲታይ ቧንቧውን መመርመር የተለመደ ነው።»

እንዳለ ነገርኳት። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ያን አነቃነቋን አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ተመዝግቦ ተቀመጠ ማለት ነው።

አልትራሳውንዱ ጥበቱን አሳየ። በማግስቱ በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ወደ ኩላሊቱ ቧንቧ አደረሱት። እኔ ከጨረር የሚከላከለውን ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ከራስጌዋ ቆሜያለሁ፤ እሷ ነቅታ ትሰማለች። ስክሪኑ ላይ ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። እዚያ ትንሽ ፊኛ ነፉበት። ከዚያ ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ የሽቦ ቱቦ ተዉበት። ደሙ ባንድ ጊዜ ኩላሊቱን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሞላው። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ እሰይ አሉ።

«ከጎማው ላይ ወረደልኝ?» አለች።

«ወረደ» አልኳት።

በሦስት ቀን ውስጥ እግሯ ሟሸሸ፤ ግፊቷ ወረደ፤ ክሬአቲኒኑም ተመለሰ። ነርሶቹ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም። አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታስባለች።

ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ፊት ቀረበች። የራኒያን ወረቀት አነበበ።

«ጥሩ፤ ደስ ይላል» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል።»

«ወንድሜን ጥራና ክኒኗን ትውጥ ነበር በለው» አለች።

«ያለፈውን ትተን ወደፊት እንይ።»

«እሺ፣ ፋይሉ ላይ የጻፍከውን ሰርዝ።»

«ከፋይል ላይ አይሰረዝም።»

«በል እንግዲህ» አለች እየተነሳች፤ «እኔም የምሰረዝ ሰው አይደለሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮፌሰሩ በሽተኛ በሚያይበት ቀን ሁሉ ትርንጎ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የምትለብሰው የበዓል ልብሷን ነው። የሚመጣውን በሽተኛ ሁሉ ታናግራለች፤ የኛን ሰዎች በአማርኛ፣ የሩስያ አሮጊቶችንና የዓረብ ሽማግሌዎችን በምልክት። ጆሮዋን ትጠቁማለች፤ ሆዷን ትነካለች። «አዳመጠህ? ሳያዳምጥህ እንዳትወጣ!» ሰዎቹ ገብተው ሆዳቸውን እየገለጡ ይቆማሉ። ያ ሰው ከኮምፒውተሩ እየተነሳ፣ በቀን አሥር ጊዜ አሥራ አምስት ጊዜ ጎንበስ ሲል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አየዋለሁ። ጸሐፊዋ ሳቋን ለመደበቅ ወረቀት ታነሳለች።

አንድ ቀን ታግሶ ታግሶ ወጣ። «ምን ታደርጋለች እዚህ? ቀጠሮ የላትም!» አለኝ።

ተረጎምኩላት። «ወረፋ እየጠበቅኩ ነው በዪው» አለች።

«የምን ወረፋ?»

«የይቅርታ።»

በሩን ዘጋ። እሷ ተቀመጠች።

በፕሮፌሰሩ ላይ አቤቱታም አስገባች። እሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ በዕብራይስጥ ጻፍኩ። «እዚህ ጋ እንዲህ ብለን ብናለሰልሰው?» ስላት አየችኝ፤ አላለሰለስኩም። ብዙ ወር ቆይቶ ሦስት ሰዎች ያሉበት ቫዓዳ ፊት፣ ኮሚቴ ማለት ነው፣ ተጠራን። ትርንጎ ለፈረደ በጎረቤት በኩል አንድ ቃል ብቻ ልካበት ነበር፤ «መጥተህ ስማ።» መጣ። ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተቀመጠ።

ፕሮፌሰሩ ሲናገር ረጋ ያለ ነበር። የቋንቋ ችግር እንደነበረ ተናገረ። እሱ ሁሉንም በአግባቡ ማስረዳቱን፣ ምናልባት አስተርጓሚዋ በትክክል ሳታስተላልፍ መቅረቷን ጠቆመ። ሦስቱም ወደኔ ዞሩ።

ተነሳሁ። «እውነት ነው፣ ያላስተላለፍኩት ነገር አለ» አልኩ። «ያላስተላለፍኩት ስድቡን ነው። ትዋሻለች ሲል አሳስቦታል ብያለሁ። እናንተ ጋ ሁሌም እንዲህ ነው ሲል ዝም ብያለሁ። ለዚህ ቅጡኝ። እሷ ክኒኗን እንደምትውጥ የተናገረችውን ግን በየቀጠሮው ነግሬዋለሁ። ጨርቋን ዘርግታለታለች፤ በክርኑ ነው የጣለው።»

ከሦስቱ በዕድሜ የገፋችው ሴት መነጽሯን አድርጋ ፋይሉን ገለጠች። የመድኃኒቱን የደም ውጤት በየተራ፣ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። «ልክ» ትላለች፤ ትገልጣለች። «ልክ።» ትገልጣለች። «ልክ።» የፕሮፌሰሩ አንገት ከኮሌታው በላይ ቀስ እያለ ቀላ። ደስ አለኝ። ያን ደስታዬን ዛሬም አላፍርበትም። ማለቂያ ባይኖረው እወድ ነበር።

ከኋላችን ወንበር ሲንኳኳ ሰማን። ፈረደ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል።

ፋይሉ እንዲታረም፣ ለፕሮፌሰሩም ተግሣጽ እንዲጻፍለት ተወሰነ። ዓመት ሳይሞላ ጡረታ ወጣ። እኔንም ገሠጹኝ፤ ውሌ ሲያልቅ አላደሱልኝም። ይገባኛል።

ፈረደ በዚያው ቀን ደጅ ላይ እግሯ ሥር ወደቀ። አላነሳችውም።

«ስንት ወር ዘጋኸኝ?»

«ሰባት፣ እታለም።»

«እኔም ሰባት እዘጋሃለሁ። ከዚያ ትመጣለህ።»

የቀለደች መስሎን ነበር። ቀኑን ቆጥራ ዘጋችው፤ ስትታመምም፣ በዓል ሲመጣም። ሰባቱ ወር በሞላ ቀን የፈረቃው መውጫ ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር ሄዳ ቆመች። ፈረደ ከሠራተኞቹ ጋር ሲወጣ አይቷት ደነገጠ። የያዘችውን ምግብ እጁ ላይ አስቀመጠችና «ከስተሃል፤ ብላ» አለችው። ሌላ አልተባለም።

ፕሮፌሰሩ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደብዳቤ ጻፈላት። አነበብኩላት። ጥሩ ዕብራይስጥ ነው፤ «አባባሌ ጎድቶሽ ከሆነ አዝናለሁ» ይላል።

«ከሆነ ይላል?»

«ይላል።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ፣ እትዬ ትርንጎ።»

ወረቀቱን ገልብጣ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በጀርባው በትልልቅ ፊደል እንድጽፍ ያዘዘችኝ ይህን ነው፦ «ታካሚው አይተባበርም።» እሱኑ በፖስታ መለስንለት። ፖስታ ቤቱ ደጅ ላይ ትንፋሿ እስኪያጥራት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ሥራው ቢቀርም በየቀጠሮዋ አብሬያት እሄድ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ ብላኝ አታውቅም። ሌላ አስተርጓሚም አልያዘችም።

ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ያ ሰውዬ አለ?» አለችኝ።

«አለ። እዚሁ ነው የሚኖረው።»

«ትቼዋለሁ በዪው።»

ጠጋ አልኳት። «ይቅር ብለሽዋል ማለት ነው?»

«እዚች ላይ ቁሚ» አለች፤ አውራ ጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ነበረች፣ የመጫን ኃይል ግን አልነበራትም። «ትቼዋለሁ ነው ያልኩሽ። ስሸከመው ደከመኝ። እንዳለ ንገሪው።»

በለቅሶው አራተኛ ቀን ስልኬ ጠራ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወደ ደረጃው ወጣሁ። ድምፁ አርጅቷል፤ ያም ሆኖ ፕሮፌሰሩ መሆኑን በመጀመሪያው ቃል አወቅኩ። መሞቷን መስማቱን ነገረኝ። ማዘኑን ነገረኝ። ቢመጣ ያስከፋ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ባይመጡ ይሻላል» አልኩት።

«ስለኔ ምንም ብላ ነበር? በመጨረሻ?» አለኝ።

በደረጃው መስኮት ከታች ያለው ሸለቆ ይታያል። ያለችው በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ነው የሚሆነው፤ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ጎንበስ ብላ ጨርቋን ስታነሳ ታየችኝ። ፈረደ ፌርማታው ላይ ወርዶ በሯን ሲያልፍ፣ እሷ ከመስኮቱ ስታየው ታየችኝ።

«ምንም» አልኩት።

«ምንም?»

«ስምዎንም አላነሳችም።»

አመስግኖ ዘጋው። ስመለስ ፈረደ «ማን ነው?» አለኝ፤ «ማንም» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እንዳለ ንገሪው ነበር ያለችኝ፤ አውቃለሁ። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ። እስካሁን አልደወልኩለትም።